ማዕበል የሌለው ባሕር፦ ከዳሎል የድምፅ የጉዞ ወግ ለመሥራት ላሰባችሁ

ለጆሮ የሚሠራ የጉዞ ወግ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ካሜራ የለ፣ መብራት የለ። ሬከርደርና ማይክ ይዞ መውጣት ነው። ዳሎል ላይ ግን ይህ ሥራ ጤናንም፣ ትዕግሥትንም፣ ኪስንም ይፈትናል። እኔ በሰው እርዳታ ነው የተወጣሁት። ከእኔ በኋላ ወደዚያ የምትሄዱ፣ ወይም ሌላ የደረቀ ሐይቅና ባሕር በድምፅ ለመተረክ የምታስቡ ካላችሁ፣ ጥቂቱን መከራ ልቀንስላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ። ዳሎል የሚገኝበት፣ በሰሜን አፋር ያለው የደናክል ረባዳ ምድር ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቀይ ባሕር ከዚያ ሩቅ አይደለም። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ በዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል እየገባ ይህን ሸለቆ ሞልቶት ነበር። ዛሬም በሸለቆው ጠርዝ ላይ የኮራል ቅሪት አለ። ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከዚያ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ዐለትና የመሬቱ ከፍ ማለት መግቢያውን ዘጉት። ውሃው እዚያው ታስሮ ቀረ። ፀሐይዋ አተነነችው፤ ጨዉ ቀረ። ከሥር የተነጠፈው ጨው አንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ይህን ያህል ጨው ደግሞ በአንድ ሙላት አይከማችም። ባሕሩ እየመጣ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየመጣ ኖሯል ማለት ነው።

ስለ ጠፋ ባሕር ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው በካዛክስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል ያለውን አራልን ነው። የአሙ ዳርያና የሲር ዳርያ ወንዞች ለጥጥ እርሻ ሲጠለፉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ውሃው እየሸሸ ሄደ። እዚያ ታሪኩን የሚነግር ሰው አለ። ዓሣ ያጠመዱ፣ ወደቡን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። አሸዋ ላይ የቀሩ መርከቦች አሉ። የኛው ሐሮማያም እንደዚሁ ነው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የነበረው ሐይቅ ሲደርቅ ሰው በዓይኑ አይቷል፤ በኋላ ውሃ ሲመለስበትም አይቷል። የዳሎልን ባሕር ግን ማንም አያስታውስም። አያት ለልጅ ልጅ የነገረው ወሬ የለም። የሚጠየቅ ምስክር የለም። ለድምፅ ሠሪ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ማንም ያልሰማውን ባሕር እንዴት አድርገን እናሰማለን?

ከቤት ስንነሣ መልስ ያገኘን መስሎን ነበር። የመጀመሪያው ስክሪፕት የሚጀምረው በማዕበል ድምፅ ነው። ማዕበሉ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ በቦታው ነፋስ ይገባል፣ ከዚያ የኔ ድምፅ "እዚህ ባሕር ነበር" ይላል። ወረቀት ላይ ያምራል። የማዕበሉ ድምፅ ከኢንተርኔት ወርዶ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሐሳብ እስክንጥለው ድረስ የሆነውን ልንገራችሁ።

የሄድነው በብርዱ ወራት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ካልሆነ በቀር ለዚህ ሥራ ወደዚያ አትውረዱ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዳሎል ላይ ለዓመታት በተወሰደ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። አማካይ ነው እያልኩ ያለሁት፤ ሌሊቱም ብርዱም ተደምሮበት ማለት ነው። ከመቐለ ተነሥቶ በበርሃሌ በኩል በጨው ሜዳው ጠርዝ ወዳለችው ሐመድ ኤላ መንደር የሚወርደው መንገድ አስፋልት ሆኗል። ግን የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ጊዜ ስላለ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። የክልልና የወረዳ ፈቃድ፣ የአካባቢ አስጎብኚና አጃቢ ያስፈልጋል። ደብዳቤያችሁ ላይ "ጉብኝት" ብቻ ሳይሆን "የድምፅ ቀረጻ" ተብሎ ይጻፍ። ማይክ ያየ ሁሉ "ለየትኛው ሬዲዮ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ወረቀቱ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ከሁሉ ቀድሞ የገጠመን ጠላት ነፋስ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ዛፍ የለም፣ ግድግዳ የለም። ነፋሱ የሚያቆመው ስለሌለ በቀጥታ ማይኩን ይመታል። ማታ ሐመድ ኤላ ላይ፣ ደጅ በተዘረጋው የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠን የቀኑን ቅጂ ስናዳምጥ፣ ሰው ሲናገር አይሰማም። ከዳር እስከ ዳር ጉርምርምታ ነው። ከማይክ ጋር የሚመጣው ስፖንጅ ለቤት ውስጥ ነው። ለዚያ ሜዳ ፀጉራሙ የነፋስ መከላከያ ግድ ነው። ከቻላችሁ ሁለት ያዙ፤ ጨውና አቧራ ሲጠግበው ፀጉሩ ይደርቅና ራሱ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ሬከርደሩ ላይ ሎው ከት የሚባለውን፣ ወፍራሙን ጉርምርምታ የሚቆርጥ ማጣሪያ 80 ኸርዝ አካባቢ ክፈቱት። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና ማይኩን በሰውነታችሁ ከልሉት። ነፋስ የመታውን ድምፅ ኤዲት ላይ አድነዋለሁ ብላችሁ አትድከሙ። አይድንም።

ከሰዓቱ ሁሉ የሚሻለው ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያለው ነው። ነፋሱም ፀሐዩም ገና ናቸው። ከዚያ በኋላ ዕቃው ራሱ ያስቸግራል። ስልክ ግሎ ይጠፋል። ባትሪ ከተለመደው ቀድሞ ያልቃል። ዕቃችሁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ግን አትክተቱ፤ ሲወጣ ላብ ያልበውና ውስጡ ይረጥባል። የገመድ መሰኪያዎችን ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። እርጥብ ጨው የነካው ብረት በማግስቱ ዝጎ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የመጣው የኔው ሰውነት ነው። ጠዋት ጨው ሜዳው ላይ እየተራመድኩ ስቀርጽ ቆይቼ ራስ ምታት ጀመረኝ። ውሃ እጠጣ ነበር፤ በደንብ እጠጣ ነበር። ግን ውሃ ብቻ ነበር። ከላብ ጋር ጨው እየወጣ እንደሆነ፣ ያንን የሚተካ ነገር እንደሚያስፈልግ የነገረኝ የለም። ማቅለሽለሽ መጣ፣ እግሬ ከዳኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ወረቀት ላይ እያየሁ ማንበብ አቃተኝ። አስጎብኚያችን ፊቴን አየና አንድም ነገር ሳይጠይቅ ማይኩን ከእጄ ወሰደ። መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ሐመድ ኤላ አንድ ዳስ ውስጥ አስተኝተው አንገቴና ብብቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረጉ። ኦ.አር.ኤስ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ አጠጡኝ። የተረፍኩት በዚያ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ኦ.አር.ኤስ ከባትሪ በፊት ይታሰብ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየቀኑ የሚሆን ያዙ። ከጓደኛችሁ አንዱ የሚናገረው ከተምታታበት፣ ካስመለሰው፣ ወይም ቆዳው እየጋለ ላቡ ከቆመ፣ ቀረጻው እዚያው ያብቃ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ሰውነቱን በውሃ አቀዝቅዙ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። ሄድፎን ያደረገ ሰው ደግሞ ድካሙን ቶሎ አያውቅም። ሙሉ ሐሳቡ ጆሮው ላይ ነው። ከጎኑ ሆኖ ፊቱን የሚያይ፣ "ይብቃ" የማለት ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው ይኑር።

ሥራችንን የቀየረው ነገር የመጣው ግን እዚያው ዳስ ውስጥ ተኝቼ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሩቅ የመጣ አንድ ሰው ገባ። ከቤቱ ባለቤት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ወሬው ጀመረ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው "እሺ፣ እሺ" እያለ ይከተለዋል። ሲጨርስ ተራው ይዞራል። አስተርጓሚያችን ጠጋ ብሎ "ዳጉ ነው" አለኝ።

ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ፣ ምንም ቢቸኩሉ፣ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። የትኛው ጉድጓድ ውሃ አለው፣ የቱ ጋ ሣር በቅሏል፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋች። በዚያ በረሃ ውስጥ የተሳሳተ ወሬ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ተናጋሪው ያየውን "አየሁ"፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ ጭምር ይናገራል። አስተርጓሚያችን በሹክሹክታ ሲተረጉምልኝ ደጋግሞ የመጣው ይኸው ነበር፦ "ይህን አይቷል፤ ይህን ከእገሌ ሰምቷል።"

ስለዚያ የማዕበል ድምፅ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እኛ ማዕበል አልሰማንም። ሰማሁ የሚል ሰውም አላገኘንም። የሌላ አገር የባሕር ዳርቻ ድምፅ አምጥተን የአፋር ሜዳ ላይ ልናስቀምጥ ነበር። አድማጭ ዓይን የለውም። ያሰማነውን ያምናል። እዚያ ቦታ ላይ ተተኝቶ፣ ሰዎች ወሬያቸውን በዚያ ጥንቃቄ ሲለኩ እየሰሙ ያንን ማድረግ አልሆነልኝም። ማታ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። አንደኛው ተከራከረ፤ "ድራማ እንጂ ውሸት አይደለም" አለ። ክርክሩ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ዛሬም በዚያው አቋም ነኝ። የጠፋን ነገር በድምፅ ስትተርኩ የሌለውን ድምፅ አትፍጠሩ። የቀረውን ፈልጋችሁ ቅረጹ።

የቀረው ደግሞ ጨው ነው። ሲሻለኝ ተመልሰን ጨው ቆፋሪዎቹ ጋ ሄድን። አንድ ነገር ብቻ በቅርበት ልግለጽላችሁ፣ ምክንያቱም ሙሉ ወጉ የቆመው በሱ ላይ ነው። መጀመሪያ አንዱ በፋስ የጨዉን ወለል ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ይህ ድምፅ ከባድና ደረቅ ነው። ከዚያ ሦስት አራት ሆነው ረጃጅም እንጨቶች ስንጥቁ ውስጥ ያስገባሉ። እኩል ይጫናሉ፣ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ትንሽ ጊዜ ምንም አይሰማም፤ ትንፋሻቸው ብቻ። በድንገት ከሥር "ጧ" ይላል። አየር የገባበት፣ ጥልቅ የሆነ ድምፅ። ትልቁ የጨው ገበታ ይነሣና ይገለበጣል። ከታች እርጥብ ነው። ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ማይኩን ወደዚያ ሳስጠጋ ያገኘሁት ጠብታ፣ እዚያ ቦታ ላይ በጆሮዬ የሰማሁት የመጀመሪያው የውሃ ድምፅ ነው። ከዚያ ሌሎች ቁጢጥ ብለው ገበታውን ወደ አሞሌ ይቀይሩታል። የነሱ ምት ፈጣንና ቀጭን ነው፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ገበታውን የሚፈነቅሉት ፎኮሎ፣ የሚጠርቡት ሀደሊ ይባላሉ። ሁለቱን በድምፃቸው ብቻ መለየት ይቻላል። ወጉ ውስጥ ያደረግነውም ይህንኑ ነው። ማብራሪያ ሳንሰጥ መጀመሪያ ሁለቱን ምት አሰማን፣ ከዚያ በኋላ ስማቸውን ነገርን።

ለእንዲህ ያለ ቀረጻ ሌቭላችሁን፣ ማለትም የሬከርደሩን የድምፅ መቀበያ መጠን፣ አስቀድማችሁ ዝቅ አድርጉ። የፋሱ ምት ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሰው ሲያወራ የተስተካከለ ሌቭል ፋስ ሲመጣ ይሰነጠቃል። የሚቆርጡትንም አታስቁሙ፣ "እንደገና አድርጉልን" አትበሉ። የሚከፈላቸው በቆረጡት ልክ ነው። ጊዜያቸውን ከወሰዳችሁ ክፈሉ፤ ስንት እንደሚገባ አስጎብኚያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ጥያቄም ልናገር። አንድ በዕድሜ የገፉ ጨው ቆራጭ ነበሩ። ትንሽ አማርኛ ይሰማሉ። "አባቴ፣ እዚህ ድሮ ባሕር ነበር ሲባል ምን ይሰማዎታል?" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። "ምንም" አሉ። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። "ምን ይሰማዎታል" ማለት የጋዜጠኛ ጥያቄ ነው፤ ሠርቶ አዳሪ ሰው መልስ የለውም። ጥያቄውን ቀየርኩ። "ጨዉ ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃሉ?" ፊታቸው ተለወጠ። ፋሷን አነሡና አንዱን ገበታ መታ አደረጉ። "ስማ" አሉኝ። ከዚያ ሌላውን መታ አደረጉ። "ይሄንንስ?" የመጀመሪያው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ሁለተኛው የታፈነ ነው። "ይሄ ውስጡ ጭቃ አለው። ግመል ላይ ሳለ ይሰበርብሃል።" ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ መጣ። በክረምት ከደጋው የሚወርደው ውሃ ሜዳውን እንደሚሸፍነው፣ ሲደርቅ አዲስ ጨው እንደሚተው ነገሩኝ። የባሕሩን ጉዳይ ራሳቸው አነሡት። "ውሃው ነው የሄደ። ጨዉ ይኸው" አሉ። እጃቸውን ገበታው ላይ ሲያሳርፉ የተሰማው ቸብታ ቅጂው ላይ አለ።

ስለዚህ ሰዎችን የምታውቁትን እንዲያረጋግጡላችሁ አትጠይቁ። ስለሚሠሩት ጠይቁ። የሚሰሙትን፣ የሚነኩትን፣ የሚፈሩትን ጠይቁ። ጥያቄ በቁና ይዛችሁ አትሂዱ፤ አንድ ሁለት ይበቃል።

ለእግር ድምፅ ደግሞ ጊዜ ስጡ። አሳሌ ሐይቅ አካባቢ ወለሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ቦታ ጨዉ ማዕዘን ማዕዘን ሠርቶ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲረግጡት የደረቀ ቂጣ እንደሚሰበር ይንኮሻኮሻል። ጥቂት እርምጃ አልፎ ደግሞ ስስ ውሃ አለበትና ድምፁ ይለሰልሳል። በአንድ ሰው እርምጃ ከደረቁ ወደ እርጥቡ ተሻግረን ቀረጽነው። አድማጭ ምንም ሳንነግረው ውሃ ያለበት ቦታ መድረሱን ያውቃል። በየቦታው ደግሞ አንድ ሁለት ደቂቃ ማንም ሳይናገር፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ የቦታውን ድምፅ ብቻ ቅረጹ። ኤዲት ላይ አንዱን ንግግር ከሌላው የሚያያይዝላችሁ እሱ ነው። እዛ ሳላችሁ ዋጋ ያለው አይመስላችሁም፤ ቤት ስትደርሱ ነው የምትፈልጉት።

ዳሎል ኮረብታው ላይ ያለው ቢጫና አረንጓዴ ምንጭ ለዓይን ተአምር ነው። ለድምፅ ግን አደገኛም፣ ከሚጠበቀው በታችም ነው። ፉት፣ ቡልቅ የሚል ነገር አለ፤ ጋዝ ሲወጣ ያፏጫል። ውሃ ውስጥ የሚገባ ማይክ ይዞ የመጣ ባልደረባ ሊከተው ፈልጎ ነበር፤ አስጎብኚው ከለከለው። ትክክል ነበር። የአንዳንዱ ገንዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከዜሮ በታች ነው፤ ኃይለኛ አሲድ ነው ማለት ነው። ዕቃውን ይበላዋል፣ እጅም ያቃጥላል። ጋዙም አይናቅም። የጨዉ ቅርፊት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል አስጎብኚው የረገጠውን ብቻ ርገጡ። ሄድፎን አድርጋችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ። ራሱ ኮረብታው ከሥር ገና አልበረደም፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ፈንድቶ ጉድጓድ ከፍቷል።

በአጠገቡ በጨው ድንጋይ የተሠሩ የፈራረሱ ቤቶች አሉ። የፖታሽ ማዕድን ለማውጣት የመጡ ሰዎች የኖሩባቸው ናቸው። በጣልያን ዘመን ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ወደዚህ አካባቢ የሚመጣ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ፖታሽ ፍለጋ መጣ። ሁሉም ሄደዋል። የዛገ ብረት ቀርቷል። እዚያ ነፋሱን አልተዋጋነውም። ማይኩን ግድግዳ ከልለን ነፋሱ በመስኮቱ ቀዳዳ ሲያልፍ፣ ብረቱን ሲያንቀጫቅጨው ቀረጽን። ቦታው ላይ ሰው እንደሌለ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ነገረልን።

አንድ የምትፈተኑበት ነገር አለ። የአርሆውን፣ የግመሉን ቅፍለት፣ ንጹህ አድርጋችሁ ልትቀርጹ ትፈልጋላችሁ። ግመል ሲጫን የሚያሰማው እሮሮ፣ ገመድ ሲጠብቅ፣ ነጂው ሲጠራ። ሁሉም ያምራል። ግን መሐል ላይ የጭነት መኪና ይመጣል። አስፋልቱ ከገባ ወዲህ ብዙው ጨው በመኪና ይጫናል። ባልደረባዬ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀረጻውን ያቋርጥ ነበር። በኋላ ግን ተወው አልነው። አሞሌ በዚህ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ ያገለገለ ነገር ነው። በግመል ጀርባ ወደ ደጋ ሲወጣ የኖረው ጨው ዛሬ በሞተር ይወጣል። ወጋችን ላይ አርሆው በግራ ጆሮ ያልፋል፣ መኪናው በቀኝ ይመጣና ይውጠዋል። ብዙ አድማጮች ስለዚህ ክፍል ነው የጻፉልን።

ኤዲት ላይ የረዳኝ ዳጉ ነው። ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ስጽፈው ሦስት ነገር ለየሁ፦ ያየሁት፣ የተነገረኝ፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች የሚሉት። ስለ ኮራሉ ዕድሜ ስናገር "ባለሙያዎች እንደሚሉት" ብዬ እጀምራለሁ። የሽማግሌውን ቃል በሳቸው ድምፅ አሰማለሁ። የራሴን በ"አየሁ" እናገራለሁ። አድማጭ የቱን በምን ያህል ማመን እንዳለበት ያውቃል። ቁጥር ስታነቡ ደግሞ እዘኑለት። ጆሮ በአንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ቁጥር በላይ አይይዝም። ስክሪፕቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ቁረጡት።

በአፋርኛ የተናገሩትን ትርጉሙ እንዳይውጠው ተጠንቀቁ። የሰውዬውን ድምፅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ተዉት። ከዚያ ዝቅ አድርጉትና የአማርኛው ድምፅ ይግባ። ሲያበቃም የመጨረሻውን ቃል እንደገና ከፍ አድርጉት። ሙዚቃ ከሥር አላደረግንም። የጨው ቆራጮቹ ዜማ እያለ ሌላ ምን ይደረጋል? በነገራችን ላይ ዜማውንም ቢሆን ሳታስፈቅዱ አትጠቀሙ፤ የሰዎች ሥራ ነው።

ከማሳተማችን በፊት ያደረግነውና እንድታደርጉት የምለምናችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ሙሉውን ወግ በሚሞሪ ካርድ አድርገን ለአስጎብኚያችን ላክንለት። ሐመድ ኤላ ላይ ሰብሰብ ብለው በስልክ ሰሙት። አስተርጓሚው እየተረጎመላቸው ነው። አስተያየታቸው ለቀናት እየቆየ በስልክ ይመጣልን ነበር። አንዱ የአንድ ቦታ ስም አነባበባችን ትክክል እንዳልሆነ ነገረን። ሽማግሌው ደግሞ የፋሷ ድምፅ በጣም አጥሯል፣ ሁለተኛው ገበታ በደንብ አልተሰማም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብለን አሳጥረነዋል። መልሰን አስረዘምነው። ስለዚህ የማሳተሚያውን ቀን ስትቆርጡ ለእንዲህ ያለው እርማት ጥቂት ሳምንት ተዉለት። ጥሬ ቅጂውንም አትደምስሱ። ቀኑን፣ ቦታውንና የተናገረውን ሰው ፈቃድ ጽፋችሁ በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ቅጂ እዚያው አካባቢ ቢቀር ይሻላል።